እናት በልጇ ላይ አትዋሽም

የክበቡ የመጪው ወር መርሐ ግብር የደረሰኝ ሐሙስ ጠዋት፣ ቦኖ ላይ ነው። ጀሪካኔን ከቧንቧው ሥር እንዳስቀመጥኩ ቦኖው እንደ ወትሮው «እንደምን አደርሽ ደብሪቱ» አለኝ። ከዚያ ውሃውን ሳይከፍት፣ «ከልጅሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማሪዎች የቴክኖሎጂ ክበብ መልእክት አለሽ። ላንብብልሽ?» ሲል ጠየቀ። ይቅርብኝ ማለት ይቻላል። ይቅርብኝ ላለ ሰው ግን ውሃው ቀጥኖ ነው የሚወርድለት፤ ይህን ማንም አልነገረንም፣ ሁላችንም እናውቃለን። «አንብብ» አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት አሥራ አንድ ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

አነበበ። ጥቅምት ሃያ ስምንት የሮቦት ውሾች ሩጫ አለ፤ ወላጆች ከቤታቸው ሆነው ለወደዱት ውሻ ስም ማውጣት ይችላሉ። ኅዳር አምስት አዳዲስ አባላት ወደ ሸለቆው ወርደው የማቀዝቀዣ ጣቢያውን ይጎበኛሉ፤ ኮፍያና የጆሮ መድፈኛ ክበቡ ይሰጣል። ኅዳር አሥራ ሁለት የእናቶች ቀን ነው፤ የአሥራ ዘጠኙም አባላት እናቶች አዳራሽ ተገኝተው ስለ ልጆቻቸው አንድ አንድ ቃል ይሰጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ። ከምሳ በኋላ ቅነሳ ይካሄዳል፤ ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ከክበቡም ከዩኒቨርሲቲውም ተቀንሶ ለሰባት ዓመት ወደ ሸለቆው ይመደባል። የሴሚስተሩ ዝግጅት በዚሁ ይጠናቀቃል።

«አሁን የዕለቱ ጥያቄ» አለ ቦኖው። «ልጅሽ እንዴት ናት?»

«ምን እሷ!» አልኩ። «ድንዝዝ ያለች ናት። የትም አትደርስም።»

ውሃው መጣ።

ይህ ጥያቄ ቦኖው ላይ ከተተከለ ስድስት ዓመቱ ነው። በቀን አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ልጅ ያላት ስለ ልጇ ትጠየቃለች፤ የሌላት ስለ ጎረቤቷ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የመለስኩት አንድ ዓይነት ነው፤ አንዳንዴ ድንዝዟን በሰነፍ፣ ሰነፏን በእንቅልፋም እለውጣለሁ እንጂ።

ከስንዱ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። አጥናፉ ይባላል። ሦስት ዓመት ሲሆነው አንዲት እንግዳ ቤታችን ገብታ፣ «ወይ ዓይን! ወይ ፀጉር! እንዲህ ያለ ልጅ አይቼም አላውቅ» አለች። እንትፍ እንትፍ አላለችም። ከዓይን ያውጣው አላለችም። በሳምንቱ ቀበርነው። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ማጅራት ገትር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ በምን እንደሚተላለፍም ፈተና ላይ ተጠይቄ በትክክል መልሻለሁ። ቢሆንም ስንዱ በተወለደች ዕለት አዋላጇ «ምን የመሰለች…» ብላ ስትጀምር፣ «ዝንጀሮ የመሰለች» ብዬ ቀደምኳት። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም።

ከእኔ ቀጥላ የነበረችው ጎረቤቴ ማንያህልሻል ናት። ልጇ ክንዱ ከስንዱ ጋር አንድ ክበብ ውስጥ ነው። ቦኖው ገና ጠይቆ ሳይጨርስ፣ «ክንዱዬ? አንበሳ ነው አንበሳ! አስተማሪዎቹን ራሱ እሱ ነው የሚያስተምራቸው» አለች።

«ከዓይን ያውጣው» አሉ ከኋላ ያሉት ሴቶች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተይ ማንያህልሻል» አልኳት። «ልጁን በገዛ አፍሽ ታስበዪዋለሽ።»

«ዓይን ድሮ ቀረ፣ ደብሪቱ ሙች። ዘንድሮ ያለው ካሜራ ነው።» ሴቶቹ ሳቁ። «አንቺስ? አንድ ቀን እንኳ አፍሽ ተሳስቶ ልጄ ደህና ናት አይልም?»

«ደህናነቷን እኔ ልወቀው። ምን ቤት ናችሁና ነው ለእናንተ የማወራው?»

አሁንም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጀሪካኔን አዝዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ቅነሳ የሚለው ቃል ግን ከቦኖው እስከ በራፌ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

ሸለቆው ከቤታችን ይሰማል። ደጀን አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሥሯ፣ ከዓባይ ዳር፣ ጣቢያው ሳያቋርጥ ይጮኻል። እላይ ሲደርስ እንደ ንብ ቀፎ ነው። እታች እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት የወረዱት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም፣ ጥያቄውን አይሰሙትም። ዳቦ ቤት የሚሠራው ሙሉዓለም ሰባት ዓመቱን ጨርሶ የወጣ ነው። ሁለት ዳቦ ስለው ከንፈሬን እያየ ነው የሚሰጠኝ። አፌን በነጠላ ከሸፈንኩ ዳቦ የለም።

ዓርብ ስንዱ ደወለች።

«እማ፣ መርሐ ግብሩ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። አንድ ሰው ትቀንሳላችሁ አሉ።»

«በየሴሚስተሩ ነው እኮ።»

«አንቺን ነው የሚቀንሱት።»

ይህን ያልኩት ለዓይን ብዬ አይደለም። የምር ስለመሰለኝ ነው። እኔ ደብዳቤ ሲመጣ መርዶ፣ ስልክ ሲጮህ ሆስፒታል ነው መጀመሪያ የሚታየኝ። ስንዱ ከት ብላ ሳቀች።

«እኔን? እማ፣ የዘንድሮውን ሚዛን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«የምን ሚዛን?»

«እስከ ቀኑ ድረስ አይነገርም። አዳራሹ ውስጥ ታዪዋለሽ። ስምንት ወር ነው የለፋሁበት። እስከዛሬ እንደዚህ የተሳካልኝ ነገር የለም። በዚህ እንኳ ትኮሪብኛለሽ።»

«ምን ብርቅ አለው» አልኳት። «ሚዛን ሥጋ ቤትም አለ።»



«እሺ እማ» አለች። «ብቻ ስትመጪ እንደ ሁልጊዜሽ እውነቱን ተናገሪ። የሌሎቹ እናቶች የሚሉትን አትስሚ። አንቺ እንኳ አትዋሺም።»

እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ያሉትን ቀናት በሥራ አሳለፍኳቸው። የሮቦት ውሾቹ ሩጫ ቀን ለአንዱ «ቦጋለ» ብዬ ስም አወጣሁ፤ ሦስተኛ ወጣ። ቀሚሴን አሳጠብኩ። ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዳራሹ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስንዱ መድረክ ላይ ተቀምጣ እያለች፣ ስለሷ ደህና ነገር ተናገሪ ቢሉኝስ? ስድስት መቶ ዓይን ማለት ነው። አስቤ አስቤ ወሰንኩ። ቦኖው ላይ እንደምለው እመልሳለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ትኩሳት እንኳ አልነካትም፤ የረዳትን ነገር በመጨረሻው ሰዓት አልለውጥም። ለጥንቃቄ አንድ ዘለላ ጤና አዳም በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በሩ ላይ ተያዘብኝ። «ተክል አይገባም» አለ በሩ። ጥበቃዋ ጤና አዳሙን በመቆንጠጫ አንስታ ላስቲክ ውስጥ ከተተችና ቁጥር ለጠፈችበት። «ሲወጡ ይወስዱታል፣ እናቴ» አለችኝ። ጨዋ ናት። ስወጣ በዚያ በር አልወጣሁም።

የክበቡ ሰብሳቢ ኬብሮን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኛችንንም እናቶች አንድ በአንድ፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ጨበጠችን። ስማችን የተጻፈበት ወንበር ላይ አስቀመጠችን። ልጆቻችን መድረኩ ላይ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀምጠዋል። ስንዱ ከዳር ሦስተኛዋ ናት። ከስታለች። ሰማያዊ ሸሚዟን በደንብ ተኩሳዋለች። ሳታየኝ ሰረቅ አድርጌ አየኋትና ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ።

ጥያቄው ቦኖው ላይ ያለው ነው፤ ድምፁም ያው ድምፅ ነው። «ልጅሽ እንዴት ናት?» ለወንድ ሲሆን «ልጅሽ እንዴት ነው?» እናቶቹ ተራ በተራ ተነሡ። አንዷ ልጇ በአራት ወሩ እንደተናገረ መሰከረች። አንዷ አለቀሰች። ማንያህልሻል ስለ ክንዱ እስኪያስቆሟት ድረስ ተናገረች፤ ከአንበሳ ጀምራ ንሥር ላይ ደርሳ ነበር። ክንዱ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። አዳራሹ ሙሉ ወደ እኔ፣ ከእኔ ደግሞ ወደ ስንዱ ይመለከታል።

«ምን አላት እሷ» አልኩ። «ድንዝዝ ያለች ናት። መጽሐፍ ከፍታ ነው የምትተኛው። የትም አትደርስም።»

አዳራሹ ሳቀ። ስንዱ አልሳቀችም። የሚያውቀውን ነገር እንደገና እንደሰማ ሰው ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ተቀመጥኩ። ልቤ አረፈ። ይኸው፣ አለፈ አልኩ።

ምሳ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሳህኗ የዶሮ ሥጋዋን አንስታ ወደ እኔ ሳህን አዞረች። «ብይ እማ፣ መንገድ አለብሽ» አለችኝ። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ከሉማሜ የመጡ ናቸው፤ «ሚዛኑን የሠራችው ያንቺ ልጅ ናት አሉ። ታድለሽ» አሉኝ። «ምን ታድዬ፣ ሥራ ፈትታ ነው» አልኳቸው። ስንዱ ውሃዋን ጠጣችና ተነሣች።

ከምሳ በኋላ ኬብሮን መድረክ ወጣች።

«አምና» አለች፣ «የመጡት እናቶች በሙሉ ልጆቻቸውን አወደሱ። በቤተሰብ ቃል አሥራ ዘጠኙም አንደኛ ወጡ። መለየት አልተቻለም። በዕጣ ቀነስን። ዕጣ ደግሞ ጭካኔ ነው። ዘንድሮ አባላችን ስንዱ ፍትሐዊ መንገድ አግኝታለች።»

ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጻፈ። እናት ለልጇ ትዋሻለች፤ በልጇ ላይ አትዋሽም።

«ስለዚህ» አለች ኬብሮን፣ «የእናት ውዳሴ አንድ ይመዝናል። ነቀፋዋ ሰባት። የዛሬው ብቻ ሳይሆን በቦኖ የተሰጠው የስድስት ዓመት ቃል በሙሉ ተመዝኗል። አባላት የራሳቸውን ቤተሰብ ቃል አላዩም፤ ስንዱም አላየችም።»

ተጨበጨበ። ሰው የሚያጨበጭበው ለልጄ መሆኑ ገባኝና እጄን አነሣሁ። ከዚያ ሰባት የሚለው ቃል ዘግይቶ ገባኝ፤ እጄን አወረድኩ።

መጀመሪያ የሥራ ውጤት ወጣ። ስንዱ አንደኛ። ከሁለተኛው የራቀች አንደኛ። ቀና ብላ ፈለገችኝ። እንዲህ ያለ ፊት ከሕፃንነቷ ወዲህ አላየሁባትም፤ ልትስቅ አፏ ተከፍቶ ነበር። ቀጥሎ የቤተሰብ ቃል ተደመረ። ስሞቹ ሰሌዳው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ተንቀሳቀሱ። የሷ ስም ወረደ፣ ወረደ፣ ከክንዱም ሥር ወረደና ቆመ። አሥራ ዘጠነኛ። ከስሟ አጠገብ ውዳሴ ዜሮ፣ ነቀፋ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት ይላል።

አፏ ገና አልተዘጋም ነበር።

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሣሁ። «ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው! ልጄ ጎበዝ ናት!»

ኬብሮን አልተቆጣችም። «እናታችን፣ አሁን የሚናገሩት ለልጅዎ ነው። ለልጅ የተነገረ አንድ ይመዝናል። መዝግበንልዎታል።»

«ከዓይን ላወጣት ብዬ ነው! ሰው ፊት እንዴት ጎበዝ ናት እላለሁ? አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ!»

«ይገባኛል። ግን ክበቡ ዓይን የሚባል መለኪያ የለውም።»

ከኋላ ወጣቶቹ ተሳሳቁ። ዞር ስል ማንያህልሻልን አየኋት። ሁለት ወንበር ብቻ ነው የሚለየን።

«ማንያህልሻል! አንቺ ታውቂያለሽ። ስድስት ዓመት ከኋላዬ ቆመሽ ሰምተሻል። ለምን እንደምል ንገሪያቸው!»

ማንያህልሻል ሰሌዳውን አየች። ክንዱ አሥራ ስምንተኛ ነው። የእኔ ቃል ከተሰረዘ የሚወርደው እሱ ነው። ይህን እሷም አየች፣ እኔም ማየቷን አየሁ። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ የሰማሁትን ነው የማውቀው» አለች፣ እኔን ሳታይ። «ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ናት ስትል አልሰማሁም።»

አልፈረድኩባትም። በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህ የከፋ እናገር ነበር።

ኬብሮን ወደ ስንዱ ዞረች። «ደንቡን የሠራ አባል ደንቡ ተሳስቷል ብሎ ካመነ ማስቆም ይችላል። የሚያስቆመው ግን በማስረጃ ነው። ስንዱ?»

ስንዱ ተነሣች። መድረኩ ጫፍ ድረስ መጣች። እንደ ቤታችን አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

«እማ። እኔና አንቺ ብቻችንን ቤት ስንሆን፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይኖር፣ አንድ ቀን ጎበዝ ነሽ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

አዎ ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች፤ ሃያ ዓመት እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ብዋሽ ደግሞ አንቺ እንኳ አትዋሺም ያለችኝን እወስድባታለሁ። ብያት የማውቀው ተኝታ ሳለች ብቻ ነው፤ ግንባሯን ስሜ፣ በሹክሹክታ። የተኛ ሰው ምስክር አይሆንም።

«አላውቅም» አልኩ።

«ዓይን በሌለበትም?»

«ግድግዳም ይሰማል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

አየችኝ። በመጨረሻ አንድ ሒሳብ እንደወጣላት ሆና አየችኝ። እልህ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። የስምንት ወር ሥራዋ በትክክል እንደሚሠራ አረጋግጣ እንደጨረሰች ዓይነት ነው።

«ደንቡ ልክ ነው» አለች ለኬብሮን።

ተጨበጨበ።

አውቶብሱ የቆመው ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ከየክበቡ የተቀነሱት ይሰበሰቡበታል፤ ሃያ ያህል ይሆናሉ፣ ሮቦቲክስ፣ ካርታ፣ ድምፅ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ክበብ ሸሚዝ እንደለበሱ ናቸው። እናቶች እስከ በሩ ድረስ መሸኘት ይፈቀድልናል። ለስንዱ ኮፍያና የጆሮ መድፈኛ ተሰጥቷታል። ክበቡ ነው የሰጠው።

«ጆሮሽን ድፈኚ» አልኳት።

«እሺ እማ።»

«በእንቅልፍሽም እንዳታወልቂው። ውሃ ጠጪ።»

«እሺ።»

አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። አልወጣችም። እየጠበቀችኝ ነው። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነው፣ ምላሴ ላይ። ቀና ስል በአውቶብሱ መስኮት ሃያ ፊት ወደ እሷ ያያል። ሹፌሩም ያያል። ጥበቃዎቹም ያያሉ። ወደ ሸለቆ ልትወርድ ነው፤ ከዛሬ የበለጠ ለዓይን የምትጋለጥበት ቀን የለም።

«ሂጂ በይ፣ እንዳታረፍጂ» አልኳት።

ወጣች።

በሳምንቱ ቦኖው ላይ መልእክት ነበረኝ። ሰባት ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቧ ይታያል፤ የቤተሰቧ ቃል ሚዛን ከዜሮ በታች ከሆነ ምደባው ለሰባት ዓመት ይታደሳል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ውዳሴ ከመስጠት የሚከለክል ደንብ የለም። በቀን አንድ።

ጀሪካኔ ላይ ተቀምጬ አሰላሁት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት በሰባት። በቀን አንድ። አርባ ዓመት ከአራት ወር ይሆናል። እሷ ስልሳ ዓመቷ፣ እኔ ሰማንያ ዘጠኝ። የአዳራሹ አንድ ተቆጥሮልኛል።

በማግስቱ ጀመርኩ። «ልጅሽ እንዴት ናት?» አለኝ ቦኖው።

«ጎበዝ ናት» አልኩ።

አንዲት ሴት ከኋላ «ከዓይን ያውጣት» አለች። ማን እንደሆነች ሳልዞር አወቅኩ። ማንያህልሻል ናት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ እላለሁ። አንድ ዓይነት ቃል ሁለተኛ ቀን አይመዘንም፤ አዲስ ነገር ማግኘት አለብኝ። ትዕግሥተኛ ናት አልኩ። እጇ ንጹሕ ነው አልኩ። በሁለተኛ ክፍል የጎረቤቱን በግ ከጉድጓድ አውጥታ ነበር አልኩ። ሃያ ዓመት ደብቄ ያኖርኩትን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሰልፉ ፊት አሰጣለሁ። ሊያስፈታት የሚችለው ነገር ያው ሊገድላት የሚችለው ነው። ተናግሬ ጀሪካኔን አንስቼ እሄዳለሁ፤ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ወደ ሸለቆው አዳምጣለሁ። ድምፁ ያው ነው፣ እንደ ንብ ቀፎ። ቀኑን ሙሉ መልእክት እጠብቃለሁ። ሳይመጣ ሲመሽ ነገ የምለውን አስባለሁ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን እንዲህ አልኩ፦ «ጆሮዋ ንቁ ነው። ሕፃን ሳለች ከመንገዱ ማዶ ኮቴዬን ለይታ በሩን ትከፍትልኝ ነበር።»

ጥሩ ቃል ነበር። አንዲት ወጣት እናት እንባዋን ጠረገች።

ዛሬ አርባኛው ቀን ነው። ጀሪካኔን ከቧንቧው ሥር አስቀመጥኩ።

«እንደምን አደርሽ ደብሪቱ። ከሸለቆው ጣቢያ መልእክት አለሽ። ላንብብልሽ?»

«አንብብ።»

«ተመዳቢ ስንዱ የግራ ጆሮዋ መስማት አቁሟል። ይህ ከሚጠበቀው ጊዜ ቀድሞ የደረሰ ነው። ሥራዋን ቀጥላለች። አሁን የዕለቱ ጥያቄ። ልጅሽ እንዴት ናት?»

ከኋላዬ አሥራ አንድ ሴቶች ቆመዋል። ጀሪካኑ ባዶ ነው። ቦኖው ጥያቄውን ደገመው።

ዛሬ ስለ ዓይኗ ልናገር ነበር ያሰብኩት።